ለነፋሱ መውጫ ስንተውለት

የደብረ ብርሃን ሰው ነፋስን የግል ንብረቱ አድርጎ ነው የሚያየው። እኔም ከዚያ የተለየሁ አይደለሁም፤ ፊዚክስ አስተማሪ በመሆኔ ደግሞ ይብስብኛል። ባለፈው ጥር፣ ሆሳዕና የሚኖረው የእህቴ ባል ጌታሁን ስልክ ደውሎ “ነፋስ የሚያዞረው የውሃ መሳቢያ ተተክሎ አልዞር ብሏል፤ እባክህ መጥተህ እየው” ሲለኝ፣ አስተማሪዎች ክፍል ገብቼ ጉራዬን ነዛሁ። “ነፋስ ሲቸግራቸው የሚጠሩት ወደዚህ ነው” አልኩ። ባልደረቦቼ እስክመለስ ድረስ ሲያሽሟጥጡኝ ከርመዋል። ይህን የምጽፈው ለእነሱና በዚያ በኩል የመሄድ ዕድል ለማይገጥማቸው ሁሉ ነው።

ሰኞ

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። “ለምን ጉዳይ ነው የምትሄደው?” አሉኝ። “ነፋስ ላይ” አልኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝና “ለቤተሰብ ጥየቃ” ብሎ ጻፈልኝ። እንደ አገራችን ደንብ ሹራብ በሹራብ ደርቤ፣ ካፖርት ጨምሬበት ተሳፈርኩ። አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ስወርድ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ያደርኩበት ሆቴል ያለችው ሴትዮ “ጋሼ፣ አሞዎታል እንዴ?” ብላ ዝንጅብል የተፈላበት ሻይ በነፃ አመጣችልኝ። አላመመኝም ማለት አፈርኩና ጠጣሁት።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ በቡታጅራ በኩል ሆሳዕና እስኪደርስ ድረስ አቧራውን ስንበላ ዋልን። ኬላ ላይ ወታደሩ ሻንጣዬን ከፍቶ ፒንሳና የብሎን መፍቻ ሲያገኝ አስወረደኝ። አስተማሪ ነኝ ስለው፣ “ታዲያ ጠመኔው የታለ?” አለኝ። ደግነቱ ከካፖርቴ ኪስ ስባሪ ጠመኔ ተገኘና ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ፤ አለፍን።

ከቡታጅራ ወዲያ እንሰት በየቤቱ ጓሮ እየበዛ ሄደ። በእኛ አገር ቤት ከሩቅ የሚታወቀው በድንጋይ ካቡና በኩበት ክምሩ ነው፤ እዚህ ቤቱ እንሰቱ ውስጥ ተሸሽጎ የሚታየው የክዳኑ ጫፍ ብቻ ነው። የእንሰቱን ቅጠል ልብ ብዬ ሳይ፣ ጉብታ ላይ ያለው በአንድ ወገን ተሰነጣጥቆ እንደ ዘርፍ ተንጠልጥሏል። በየዓመቱ ነፋስ የሚመታው በዚያ በኩል ነው ማለት ነው። በዚህ አገር ነፋስ የለም የሚል ሐሳቤን እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ተውኩት።

ጌታሁን በእርሻ ሥራ ተመድቦ ሆሳዕና ከገባ ቆይቷል። ማታ እራት ላይ ነገሩን በዝርዝር ነገረኝ። ነፋስ የሚያዞረው መዘውር የተተከለው ፎንቆ ከምትባል ትንሽ ከተማ ማዶ፣ አንዲት ቀበሌ ውስጥ ነው። ጉድጓዱን የቆፈሩት የገበሬ ማኅበሩ አባላት ናቸው። ያንን ውሃ ካላገኙ ሴቶቹ ገደል ወርደው ከወንዝ ይቀዳሉ፤ ወርዶ መውጣቱ ግማሽ ቀን ይወስዳል።

“መዘውሩን የሰጠው መሥሪያ ቤት ሰልችቶታል” አለኝ። “እስከዚያ ካልዞረ ቅዳሜ የጭነት መኪና ልኮ ሊነቅለውና ወደ ሆመቾ በኩል ሊወስደው ነው። ሆመቾም ይጠማል፤ አልፈርድባቸውም። ግን ሊቀመንበሩ አቶ ሄራሞ ሕዝቡን ሁሉ አስተባብሮ ነው ይህን ያሠራው። ከተነቀለ ሰውዬው ቀና ብሎ አይሄድም።”

እህቴ በበኩሏ የሆሳዕና ብርድ አላስቆም እንዳላት አማረረችልኝ። እኔ በሸሚዝ ተቀምጬ ነው የማዳምጣት። ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገች ልጅ እንዲህ ስትል መስማት ይገርማል።

ረቡዕ

ጌታሁን በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ፎንቆ አደረሰኝና ስብሰባ ስላለበት ተመለሰ። አቶ ሄራሞ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ረጅም፣ ባርኔጣው ወደ ኋላ ያለ፣ ሲናገር እያንዳንዱን ቃል መዝኖ የሚያወጣ ሰው ነው። “ጡማ” አለኝ፤ ሰላም ነው ማለት ነው። ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቆ ትከሻው ላይ አደረገው። አልሰጥም ብዬ ብታገልም አላሸነፍኩም።

ቤቱ ስንደርስ ባለቤቱ ወይዘሮ ማርታ ምሳ አቀረበች። እኔ ረቡዕ መሆኑን አስቤ እንዴት ብዬ እንደምከለክል ስጨነቅ፣ ሳህኑን ከፈተችው፦ በዘይት የተሠራ ጎመን፣ ቆጮና ሚጥሚጣ። እነሱ ጴንጤዎች ናቸው፤ ረቡዕና ዓርብ አይጾሙም።

“ከሰሜን የመጣ ሰው ዛሬ ቅቤ አይበላም ብዬ ነው” አለች። “አተካናውን ነገ እሠራለሁ። እሱ ቡላ በቅቤና በወተት ነው፤ ሳይበሉ አይሄዱም።”

እኔ አፍሬ ያልተናገርኩትን እሷ አስባልኝ ስላገኘኋት ደስ አለኝ። ቆጮውን ስጎርስ ጎምዘዝ ብሎኝ ፊቴ እንዳይኮሳተር ታገልኩ። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ለመድኩት፤ ከዚያ በኋላ እስክመለስ ድረስ አልተውኩትም።

ከምሳ በኋላ መዘውሩ ያለበት ጉብታ ወጣን። ቦታው መልካም ነው፤ ዙሪያው ክፍት፣ ነፋሱም ካፖርቴን የሚገልብ ነው። ማማው አናት ላይ ያለው መዘውር ግን የጎጆ ክዳን የሚያህል፣ ሰፌድ የመሰለ፣ አንድም ቀዳዳ የሌለው ክብ ቆርቆሮ ነው። ነፋሱ ሲመታው ማማው ይንቀጠቀጣል፣ ብረቱ ያቃስታል፤ እሱ ግን አይዞርም። ፋብሪካው እንዲህ አድርጎ ሠርቶት ይሆናል ብዬ ችግሩን ከታች፣ ፓምፑ ላይ ፈለግሁ። ፓምፑ ደህና ነው፤ ዘንጉን ለሁለት ሆነን በእጅ ስንነቀንቀው ሥሩ ያለው ገንዳ ውስጥ ጥቂት ውሃ ይተፋል፤ በሰው ጉልበት ግን ቀበሌ አያጠጣም። እስኪመሽ ብሎን ስፈታና ሳጠብቅ ዋልኩ። ምንም አልተለወጠም።

ያን ዕለት የተኛሁት ከብቶቹ ካሉበት ወገን በተነጠፈልኝ መደብ ላይ ነው። በእኛ ቤት ጥር ሲሆን ሁለት ብርድ ልብስ አይበቃም፤ እዚህ የከብቱ ትንፋሽ ብቻ አሞቀኝ።

ሐሙስ

በጠዋት ማማው ላይ ወጣሁ። አናቱ ጋ ስደርስ የሱሪዬ መቀመጫ በቆርቆሮ ጠርዝ ተያዘና ቷ! ብሎ ተቀደደ። ከታች የነበሩት ሴቶች ፊታቸውን አዞሩልኝ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይነቃነቃል። እዚያው በአንድ እጄ ሱሪዬን ይዤ መዘውሩን በቅርብ አየሁት።

ፋብሪካው የሠራቸው ክንፎች ስምንት ብቻ ናቸው፤ ጎበጥና ጠመም ያሉ፣ በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት የነበራቸው። ክፍተቶቹ ሁሉ በሌላ ቆርቆሮ ተደፍነዋል። አንዱ ቆርቆሮ ዝጓል፣ ሌላው በጭስ ጠቁሯል፣ ሌላው ሰማያዊ ቀለም አለው። ሁሉም ጠፍጣፋ ናቸው።

ወርጄ ጋቢ አገልድሜ (ማርታ ሱሪዬን ልትሰፋ ወስዳዋለች) አቶ ሄራሞን “ይህን ማን ደፈነው?” አልኩት።

ፊቱ በኩራት በራ። “እኛ! መጀመሪያ ሲተከል ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር፤ ነፋስ የለም፣ ቀስ ብሎ ነበር የሚዞር። ቆመን አየነው፤ ነፋሱ በክንፎቹ መሐል እያመለጠ ነው። ብክነት ነው! ከእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ቆርቆሮ እንዲመጣ አልኩ። ከጣራውም የነቀለ አለ። ከአንጋጫ መጥቶ እኛው ጋ የሚኖረው ቆርቆሮ ሠሪ ማቴዎስ ገጠመው። ጭራሽ ቆመ። አልበቃም ይሆናል ብለን ጨመርን።”

ከልቤ ልስቅ ነበር፤ ፊቱን አይቼ ዋጥኩት። ደግሞም ሳስበው ስህተቱ የሚያሳፍር አይደለም። እዚህ እንሰት ሲዘጋጅ ምንም አይጣልም፤ ውስጡ ቆጮ ይሆናል፣ ጭማቂው ቡላ ይሆናል፣ ቃጫው ገመድ ይሆናል፣ ቅጠሉ ሳህን ይሆናል። እንዲህ የኖረ ሰው ነፋስ በክፍተት ሲያልፍ እያየ ዝም ቢል ነበር የሚደንቀኝ።

“አቶ ሄራሞ” አልኩት፣ “ነፋስ ጉልበቱ በሩጫው ነው። ክንፉ ነፋሱን ወደ ጎን ሲያጥፈው፣ ነፋሱም ክንፉን በተቃራኒው ይገፋዋል፤ መዘውሩ ይዞራል። ነፋሱ ከሩጫው የቀነሰው ነው ወደ ፓምፑ የሚወርደው።”

“እሺ። ሩጫውን ሁሉ ብንወስድበት አይሻልም?”

“ሁሉን ከወሰድንበት እዚያው ይቆማል። የቆመ አየር ለሚከተለው ግድግዳ ነው። ፎንቆ ወፍጮ ቤት ያስፈጨችው ሴት በሩ ላይ ብትቆም ተረኛዋ በየት ትገባለች?”

“ትገፋታለቻ።”

“ነፋስ አይጋፋም፤ ዞሮ ይሄዳል። ስለዚህ መውጫ ልንተውለት ይገባል። ትልቁን የምናገኘው ከመጣበት ፍጥነት ሲሶውን ይዞ እንዲሄድ ስንለቀው ነው። ያኔም ቢሆን ከጉልበቱ ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠውን ነው የምንወስድ፤ ከዚያ በላይ የሚወስድ መዘውር የለም፣ አይኖርምም።”

ወይዘሮ ማርታ መርፌዋን እንደያዘች ቀና አለች። “እንግዳ ነው በሉኛ። ስንቅ ካልሰጡት ከበር አይወጣም፤ እሱ ካልወጣ ሌላ እንግዳ አይገባም።”

በማስተማር ዘመኔ ሁሉ እንዲህ የገባው ተማሪ አልገጠመኝም። አቶ ሄራሞ ግን ራሱን ነቀነቀ። “ይህ ቃል ብቻ ነው። ነፋስ አይታይም፤ የማይታይ ነገር ላይ እንዴት ብዬ ሕዝቡን አስፈታለሁ?”

ልክ ነው ያለው። ጠዋት ከጎጆዎቹ ክዳን የሚወጣው ጭስ ትዝ አለኝ። ከመዘውሩ ፊት ለፊት፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል፣ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ እርጥብ ሣር አስረን ለኮስነው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ መዘውሩ ሄደ፤ ሊደርስ ሲል አበጠ፣ ተከማቸ፣ ከዚያ በዙሪያው ተከፍሎ በጎን በጎን አለፈ። አንድም ክር መሐሉን አልነካም። የቆመው ሰው ሁሉ አየው። አቶ ሄራሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

“ገባኝ” አለ በመጨረሻ። “አሁን ደግሞ ሌላ ችግር መጣ።”

ዓርብ

ችግሩ ምን እንደሆነ የገባኝ ዓርብ ጠዋት፣ ሰዉ ዋርካው ሥር ሲሰበሰብ ነው። እኔ ቆርቆሮዎቹን ነቅሎ ለየባለቤቱ መመለስ የግማሽ ቀን ሥራ መስሎኝ ነበር። በዚህ ቀበሌ ግን ለጋራ ሥራ የተዋጣን ነገር ለሰጪው መመለስ ማለት “ከእኛ አይደለህም፣ ውጣ” ማለት ነው። አንድ ሰው ጥፋት ሠርቶ ከማኅበሩ ሲወገድ ብቻ ነው ያዋጣው የሚመለስለት።

አንድ ሽማግሌ ተነሥተው በሀዲይኛ ተናገሩ። አቶ ሄራሞ ተረጎመልኝ፦ “ቆርቆሮዬን ከጣራዬ ላይ አውጥቼ ነው የሰጠሁ። ማታ በር ላይ አምጥተው ቢጥሉብኝ ጎረቤቴ ምን ይላል? ልጄን ማን ያገባል?”

“አባቴ፣ ቆርቆሮው ከላይ ከቆየ ነገ መዘውሩን ይወስዱታል!” አልኩ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ። ጥፋቱን በቆርቆሮው ማላከኬም ነገሩን አባሰው፤ ጉርምርምታ ተነሣ። አቶ ሄራሞ መሐል ቆሞ ወዲያና ወዲህ ያያል። ቢያስፈታ ሕዝቡን አዋርዷል፤ ባያስፈታ ውሃውን አጥቷል። እንደዚያ ቀን የሰው ፊት ሲጨነቅ አይቼ አላውቅም፤ ወደ ደብረ ብርሃን ብን ብዬ ብጠፋ ወደድኩ።

ወይዘሮ ማርታ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። “መመለስ ማን አለ?” አለች በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ። “ውሃው ቢወጣ ጉብታው ላይ ነው የሚወጣው። እንስራ አዝለን ጉብታ ልንወጣ ነው? ውሃው እኛ ዘንድ ይውረድ እንጂ። ማቴዎስ፣ አሸንዳ መሥራት አትችልም?”

ማቴዎስ ከዳር ተቀምጦ ነበር። ከትናንት ጀምሮ የገጠመው ሥራ ስህተት ነው ሲባል እየሰማ አንገቱን ደፍቶ ነው የዋለው። ብድግ አለ። “እችላለሁ። ጣራ ላይ የሚሠራው ዓይነት፣ ጎንበስ አድርጌ። አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበረ እስከ መንገዱ ይደርሳል።”

“የማንም ቆርቆሮ አይቀርም?” አሉ ሽማግሌው።

“የማንም አይቀርም፤ የሁሉም ያስፈልጋል” አለ ማቴዎስ።

እጃቸውን አነሡና ተስማሙ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ትንፋሽ ያጥረኛል። ማቴዎስ ማማው ላይ ወጥቶ ሲነቅል፣ ወንዶቹ ባላ እንጨት ቆርጠው ከገንዳው እስከ መንገዱ ዳር በቁልቁለቱ ይተክላሉ። ሴቶቹ የቆርቆሮውን ቀዳዳ በሰም ይደፍናሉ። እኔ የተዳፋቱን ልክ በዓይኔ አይቼ “ዝቅ፣ ከፍ” እላለሁ። ደብረ ብርሃን የድንጋይ ካብ ሲጠገን ሰው እንዲህ ይሰበሰባል፤ ዘፈኑ ብቻ ነው የሚለየው። ማርታ አተካናውን ትናንት እንዳዘገየችው አልረሳችም፤ የዓርብ ጾም ሆነባትና “ነገ” አለችኝ በንዴት።

ቅዳሜ

ሲነጋ ነፋስ የለም። የእንሰቱ ቅጠል አንድም አይነቃነቅ። መዘውሩ ስምንት ክንፉን ዘርግቶ ሰማይ ላይ ቆሟል፤ በክፍተቶቹ ሰማዩ ይታያል። አቶ ሄራሞ ከጎኔ ቆሞ “ትንሽ ሽው ብትል ትንሽ ውሃ አትሰጥም?” አለኝ።

“ከትንሽም ያነሰ ነው የምትሰጥ” አልኩ። “ነፋሱ እጥፍ ሲፈጥን የሚመጣው አየር እጥፍ ነው፣ እያንዳንዱ ትንፋሽ የያዘው ጉልበት ደግሞ አራት እጥፍ ነው፤ በጠቅላላ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ግማሽ ሲሆን ደግሞ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ጠንከር ያለውን መጠበቅ ነው።”

“መኪናውም ይጠብቃል?” አለኝ። አተካናው ቀርቦልኝ፣ እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር፣ ሦስቴ ጎርሼ አቆምኩ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ከቆላው ወገን ነፋሱ ተነሣ። መጀመሪያ የእንሰቱ ቅጠል ተንሿሿ። ክንፎቹ ተንቀጠቀጡ፤ አንዴ ዞሩ፣ ቆሙ፣ እንደገና ዞሩ፣ ከዚያ አልቆሙም። ማማው አላቃሰተም። ዘንጉ ወደ ላይና ወደ ታች ማለት ጀመረ፣ ገንዳው ውስጥ ውሃ ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ ቧ አለ። እልል ያለ የለም፤ ሁሉም ወደ አሸንዳው ሮጡ። እኔ ምን ሆነው ነው ብዬ ስከተላቸው ለካ እያንዳንዱ ቤተሰብ ሄዶ የራሱ ቆርቆሮ አጠገብ ቆሟል።

አቶ ሄራሞ የገንዳውን በር ከፈተ። ውሃው በዛገው ላይ አለፈ፣ በጭስ በጠቆረው ላይ አለፈ። በደረሰበት ሁሉ የቤቱ ባለቤት እጁን ነክሮ ፊቱን ያብስና ቀጥሎ ወዳለው ይጮኻል፦ “መጣልህ!” ሰማያዊው የሽማግሌው ኖሯል። ውሃው ሲደርስላቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔም ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ለምን እንደምደብቅ አላውቅም።

የአሸንዳው ጫፍ መንገዱ ዳር ነው። ውሃው ወደ ማርታ እንስራ መውረድ ሲጀምር የጭነት መኪናው በአቧራው ውስጥ ብቅ አለ። ከሞተሩ እንፋሎት ይጨሳል። ሹፌሩ ቆርቆሮ ጣሳ ይዞ ወረደ፤ ስለ ምንም ነገር አያውቅም፣ የታዘዘውን ሊጭን ነው የመጣው።

“እናቴ” አለ ማርታን፣ “ራዲያተሩ ፈላብኝ። እዚህ አገር ውሃ ይገኛል?”

ማርታ እንስራዋን ፈቀቅ አደረገችለት። “ቅዳ፣ ልጄ። አንተም ጠጣ፣ መኪናህንም አጠጣ። የምትጭነው ግን ያን መምህር ብቻ ነው።”